አሠሪዎ መልቀቂያዎን አልቀበልም ሲል፦ ከሥራ በሕጉ መንገድ የመውጫ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደሩ ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው። ብዙዎች ከሥራ ሲለቁ የሚቸገሩት ደብዳቤ ባለመጻፋቸው ሳይሆን፣ ደብዳቤውን ካስገቡ በኋላ «ተፈቅዶልዎታል» የሚል መልስ ቁጭ ብለው በመጠበቃቸው ነው። መልሱ ሳይመጣ ወሩ ያልፋል፤ የሚጠብቃቸው አዲስ መሥሪያ ቤት ሌላ ሰው ይቀጥራል፤ አንዳንዱም በብስጭት ከሥራ ገበታው ይቀርና አሠሪው ያልነበረውን የክርክር ነጥብ በገዛ እጁ ያቀብለዋል።

በአዋጁ አንቀጽ 31 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለአሠሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የሥራ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። አንቀጹ የአሠሪውን ይሁንታ እንደ ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም። ስለዚህ ሥራዎ አሠሪውን ማሳመን አይደለም፤ ማስጠንቀቂያው መድረሱን እና 30 ቀኑን በሥራ ላይ መጨረስዎን በወረቀት ማረጋገጥ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ለእነዚህ ሁለት ማስረጃዎች የሚደረጉ ዝግጅቶች ናቸው።

ደረጃ 1፦ የሚመለከትዎትን ሕግ ይለዩ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆኑ የሚተዳደሩት በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ስለሆነ ይህን መመሪያ አይከተሉ፤ የመሥሪያ ቤትዎን የሰው ሀብት ክፍል ወይም የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

የሥራ መሪ ከሆኑም አዋጅ 1156/2011 አይመለከትዎትም፤ ግንኙነትዎ የሚገዛው በውልዎ እና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ሆኖም ደረት ላይ የተንጠለጠለ «ማናጀር» የሚል ባጅ ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግም። መለያው በሕግ ወይም በውክልና ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ ወይም የማሰናበት ሥልጣን መኖሩ ነው። እንዲህ ያለ ሥልጣን ሳይኖርዎት «አንተ የሥራ መሪ ስለሆንክ ሦስት ወር መቆየት አለብህ» ከተባሉ፣ ሥልጣኑ የተሰጠበትን ደብዳቤ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ።

በሙከራ ጊዜ ላይ ከሆኑ ጉዳዩ ቀላል ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላሉ። የሚለቁበትን ቀን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ አስገብተው ቅጂውን ይያዙ።

ውልዎ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ የተደረገ ከሆነ የማስጠንቀቂያው ጊዜ በውሉ ላይ የተስማሙበት ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ውልዎን ያንብቡ። ውልዎ ላልተወሰነ ጊዜ ሆኖ ሳለ «የሁለት ወር» ወይም «የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ» የሚል አንቀጽ ካለበት፣ አዋጁ የሚለው 30 ቀን መሆኑን እና ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የሚለቅ ሠራተኛ የሚጠየቀው ካሳ በአንቀጽ 45 መሠረት ከ30 ቀን ደመወዙ እንደማይበልጥ ይዘው ከሕግ ባለሙያ ጋር ይነጋገሩ፤ የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የተዋዋለው) ካለም አብረው ያሳዩት።

ደረጃ 2፦ ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት ማስረጃዎን ይሰብስቡ

ደብዳቤዎ ከገባ በኋላ የቢሮው በር እንደ በፊቱ ክፍት ላይሆን ይችላል። የኢሜይል መግቢያዎ ሊዘጋ፣ የግል ማህደርዎን ለማየት የጠየቁት ፈቃድ «ኃላፊው የሉም» በሚል ሊጓተት ይችላል። ስለዚህ የሚከተሉትን አስቀድመው በእጅዎ ያስገቡ።

1. የቅጥር ውልዎን፣ የደመወዝ ጭማሪና የዕድገት ደብዳቤዎችዎን ቅጂ።
2. ቢያንስ የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት የደመወዝ መክፈያ ወረቀት ወይም የባንክ ሒሳብ መግለጫ። የጡረታ መዋጮ (ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ) እየተቀነሰ መሆኑን በዚያው ያረጋግጡ።
3. ያልተጠቀሙበትን የዓመት ፈቃድ የሚያሳይ ማንኛውም ወረቀት።
4. በስምዎ የወጣ ንብረት ዝርዝር፦ ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ ቁልፍ፣ መኪና፣ የሥራ ልብስ፣ መታወቂያ።
5. በስምዎ የተመዘገበ ያልተወራረደ ገንዘብ፣ የአበልም ይሁን የግዢ። ዛሬ ማወራረድ የሚችሉትን ለነገ አያሳድሩ።
6. አሠሪው ጋር የቀረ ዋናው ዲፕሎማዎ ወይም ሌላ የትምህርት ማስረጃ ካለ፣ ስለ መልቀቅ ምንም ሳይናገሩ «ለሌላ ጉዳይ ይፈለጋል» ብለው አሁኑኑ ያውጡት።

ማስጠንቀቂያ፦ የድርጅቱን የደንበኞች ዝርዝር፣ የዋጋ ሰነድ ወይም የውስጥ ሪፖርት ወደ ግል ኢሜይልዎ አይላኩ። የራስዎን የቅጥር ወረቀቶች መያዝና የድርጅቱን ሰነድ ማውጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው ከባድ የሥነ ሥርዓት ክስ ያስከትላል፣ በመልቀቅ ላይ ባለ ሰው ላይ ደግሞ ወዲያው ነው የሚነሳው።

የሥልጠና የግዴታ ውል ፈርመው ከሆነ ቅጂውን አግኝተው ቀሪውን የአገልግሎት ጊዜና የተጻፈውን ገንዘብ ያስሉ። እንዲህ ያለ ውል የገንዘብ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል፤ በግድ ሊያሠራዎት ግን አይችልም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 ማንም ሰው በኃይል ተገዶ እንዳይሠራ ከልክሏል። ዕዳው ምን ያህል እንደሆነ አውቆ መልቀቅ፣ ከለቀቁ በኋላ በክስ ከማወቅ እጅግ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ቀኑን በትክክል ይቁጠሩ

የማስጠንቀቂያው ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ማስጠንቀቂያው በአግባቡ ከተሰጠበት ቀን ቀጥሎ ካለው የሥራ ቀን ነው። ደብዳቤውን ጥቅምት 7 ቀን አስገብተው ጥቅምት 8 የሥራ ቀን ከሆነ፣ የመጀመሪያው ቀን ጥቅምት 8፣ ሠላሳኛው ቀን ደግሞ ኅዳር 7 ነው። ጥቅምት 8 እሑድ ቢውል ቆጠራው ከጥቅምት 9 ይጀምርና ኅዳር 8 ላይ ያልቃል።

በክረምቱ መጨረሻ የሚለቁ ከሆነ ጳጉሜን አይርሱ። ቆጠራው ነሐሴ 20 ቢጀምር፣ እስከ ነሐሴ 30 ያሉት 11 ቀናት፣ የጳጉሜን 5 ቀናት እና የመስከረም 14 ቀናት ተደምረው 30 ይሞላሉ፤ የመጨረሻው ቀን መስከረም 14 ነው ማለት ነው። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት የመጨረሻው ቀን በአንድ ቀን ቀድሞ መስከረም 13 ይሆናል። «ወር ሞላኝ» ብሎ በግምት መሄድ፣ በተለይ ለአዲሱ አሠሪ የሚጀምሩበትን ቀን ቃል ገብተው ከሆነ፣ ሳያስፈልግ ያጋጫል። ለአዲሱ አሠሪም ከመጨረሻው ቀንዎ በኋላ ጥቂት ቀናት የሚተርፍ ቀጠሮ ይስጡ።

ደረጃ 4፦ ደብዳቤውን ይጻፉ

በቃል የተነገረ መልቀቂያ ከሻይ ሰዓት ወሬ አይለይም። አዋጁ በአንቀጽ 34 ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ እንዲሆን፣ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን እንዲገልጽ ያዛል። ለምክንያቱ «በግል ምክንያት» የሚለው አንድ ሐረግ ይበቃል። ቅሬታዎን፣ የአለቃዎን ጠባይ፣ የአዲሱን መሥሪያ ቤት ስምና ደመወዝ እዚህ ደብዳቤ ውስጥ አያስገቡ።

በብዛት የሚታየው ስህተት በርዕሱና በመዝጊያው ላይ ነው። «መልቀቂያ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ብሎ ጀምሮ «ጥያቄዬ ታይቶ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ብሎ የሚጨርስ ደብዳቤ ለአሠሪው «ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም» የሚል መልስ ይጋብዛል። ትሕትናው አይቅር፤ ውሳኔው ግን የእርስዎ መሆኑ ከዓረፍተ ነገሩ ይታይ። የሚከተለውን እንዳለ መጠቀም ይችላሉ።

ቀን፦ ጥቅምት 7 ቀን (ዓመተ ምሕረቱ)
ለ፦ (የድርጅቱ ሙሉ ስም)፣ ለሰው ኃይል አስተዳደር
ጉዳዩ፦ የሥራ ውል ለማቋረጥ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት

እኔ (ሙሉ ስም እስከ አያት) በድርጅታችሁ ከ(የቅጥር ቀን) ጀምሮ በ(የሥራ መደብ) ስሠራ ቆይቻለሁ። በግል ምክንያት የሥራ ውሌን ለማቋረጥ ስለወሰንኩ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 መሠረት ይህን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ። የመጨረሻው የሥራ ቀኔ ኅዳር 7 ቀን ይሆናል። በእነዚህ ቀናት ሥራዬን በመደበኛነት እያከናወንኩ በእጄ ያለውን ሥራና ንብረት ለማስረከብ ዝግጁ ስለሆንኩ፣ ተረካቢ እንዲመደብ አስታውቃለሁ። ውሉ ሲቋረጥ ያልተከፈሉ ክፍያዎቼና የአገልግሎት የምስክር ወረቀት እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣ (ፊርማ፣ ስም፣ ስልክ)
ግልባጭ፦ ለ(የቅርብ ኃላፊ)

ሁለት ዋና ቅጂ አትመው ሁለቱንም ይፈርሙ። አንዱ ለእነሱ ነው፣ ሌላው የእርስዎ ነው።

ደረጃ 5፦ ያስገቡ፤ መግባቱንም ያስመስክሩ

ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ደረጃ ላይ ስለሆነ አይቸኩሉ። አዋጁ በሠራተኛው የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ለአሠሪው ወይም ለተወካዩ እንዲሰጥ፣ አለበለዚያም ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንዲደርስ ይላል። ስለዚህ ዋና ሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊት ካልተቀበሉኝ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

1. በመጀመሪያ የቅርብ ኃላፊዎን በቃል ያነጋግሩ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእርስዎ ቢሰሙ ቀጣዩ ወር ይቀልላል። ንግግሩን ግን ደብዳቤው በሚገባበት በዚያው ቀን ያድርጉት፤ አስቀድመው ከነገሩ ደብዳቤው ሳይገባ የማግባቢያውና የማስፈራሪያው ሳምንት ይጀምራል።
2. ደብዳቤውን ለመዝገብ ቤት ያስገቡ። በእርስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀን፣ የተቀባዩ ስምና ፊርማ፣ ቢቻል ማኅተም ያስደርጉ። «ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው፣ እናየዋለን» ቢሉዎት ቅጂው ሳይፈረምበት ከክፍሉ አይውጡ።
3. የተፈረመበትን ቅጂ ወዲያውኑ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ዋናውን ቤት ያስቀምጡ። የቢሮ መሳቢያ ውስጥ አይተዉት።
4. በዚያው ቀን ተመሳሳዩን ደብዳቤ ለሰው ኃይልና ለቅርብ ኃላፊዎ በኢሜይል ይላኩ፤ ለግል ኢሜይልዎም ግልባጭ ያድርጉ።

መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ

ጸሐፊዋ «አለቃ ሳይመሩበት መቀበል አልችልም» ብትል አይጨቃጨቋት፤ የታዘዘችውን ነው የምትፈጽመው። ሁለት ሰዎች ይዘው ተመልሰው ይግቡ። ሰዎቹ ደብዳቤው ሲቀርብና እንቢ ሲባል በዓይናቸው ያዩ፣ ቢያስፈልግ ፍርድ ቤት ቀርበው ለመመስከር የሚደፍሩ መሆን አለባቸው። የሥራ ባልደረባ የደመወዙን ነገር ስለሚፈራ ከተቻለ ከውጭ የመጣ ሰው ይምረጡ። ከዚያም በእርስዎ ቅጂ ጀርባ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ እንቢ ያለውን ሰው ስምና የሥራ ኃላፊነት ጽፈው ምስክሮቹን ያስፈርሙ።

ቀጥሎ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ደብዳቤውን ለድርጅቱ አድራሻ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ (ደረሰኝ በሚሰጥበት የአደራ ደብዳቤ) ይላኩ። ደረሰኙን ከደብዳቤው ቅጂ ጋር በስቴፕለር አያይዘው ያስቀምጡ። በፖስታ የላኩት ከኢሜይሉ ዘግይቶ ሊደርስ ስለሚችል፣ 30 ቀኑን በየትኛው ቀን እንደጀመሩ ክርክር እንዳይነሳ የመጨረሻ ቀንዎን ጥቂት ቀናት ወደፊት ገፍተው ቢጽፉ ይመረጣል። አምስት ቀን ተጨማሪ መሥራት ከስድስት ወር ክርክር ይቀላል።

«መልቀቂያዎ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል ደብዳቤ ቢደርስዎ

ይህ ደብዳቤ እንደሚመስለው መጥፎ ዜና አይደለም። ማስጠንቀቂያዎ መድረሱን አሠሪው በራሱ ፊርማና ማኅተም አረጋገጠልዎ ማለት ነው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ያስቀምጡት። በአጭሩ «በቀን ... የሰጠሁት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንደጸና ነው፤ የመጨረሻው የሥራ ቀኔ ... መሆኑን በድጋሚ አሳውቃለሁ» ብለው በጽሑፍ ይመልሱ። አዲስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በአዲስ ቀን አይጻፉ፤ ቆጠራውን ከዜሮ ያስጀምሩት ይሆናል።

ደረጃ 6፦ 30 ቀኑን በሥራ ላይ ይጨርሱ

በማስጠንቀቂያው ጊዜ ከውሉ የሚመነጩት የሁለቱም ወገኖች ግዴታዎች እንዳሉ ይቀጥላሉ። እርስዎ በሰዓቱ ገብተው ይሠራሉ፤ አሠሪው ደመወዝ ይከፍላል። በእነዚህ ቀናት ማርፈድ፣ ያለ ፈቃድ መቅረት፣ ከአለቃ ጋር መጋጨት በሌላ ጊዜ በተግሣጽ ያልፍ የነበረ ቢሆንም አሁን ግን ለማሰናበቻ ምክንያት ይፈለጋል። የጣት አሻራ ወይም የፊርማ መቆጣጠሪያ ካለ ሲገቡም ሲወጡም አይዝለሉት። ከታመሙ የሐኪም ማስረጃ ይዘው በዚያው ቀን ያሳውቁ። የዓመት ፈቃድ ወስደው ቀኑን ለመሙላት ካሰቡ፣ በጽሑፍ የተፈቀደ መሆኑን ሳያዩ አይቅሩ።

የሚያጋጥሙ ሁኔታዎችና መፍትሔያቸው

ደመወዝ ጨምረው እንዲቀሩ ቢለምኑዎት፦ ለማሰብ ጊዜ መውሰድ ነውር የለውም። ለመቅረት ከወሰኑ ጭማሪው በተፈረመ ደብዳቤ እጅዎ እስኪገባ ድረስ ማስጠንቀቂያዎን አያንሱ፤ ሲያነሱም በጽሑፍ ያንሱ። የቃል ተስፋ የመልቀቂያው ሠላሳ ቀን ሲያልፍ አብሮ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ታይቷል።

«ተተኪ እስኪገኝ ቆይ» ቢሉዎት፦ መቆየት ግዴታዎ አይደለም። በመልካም ፈቃድ ከተስማሙ ግን የሚራዘምበት የመጨረሻ ቀን በቁጥር የተጻፈበት፣ ሁለታችሁም የፈረማችሁበት ወረቀት ይኑር። «ተተኪ እስኪገኝ» የሚል ሐረግ ያለበትን አይፈርሙ፤ ተተኪ የሚፈልገው አሠሪው፣ ፍለጋውን የሚያጓትተውም እሱ ነው። ያለ ወረቀት ከ30 ቀኑ በላይ መሥራትዎን ከቀጠሉ፣ አሠሪው «ሐሳቡን ለውጦ ቀርቷል» ብሎ ለመከራከር በር ያገኛል።

«ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ቢሉዎት፦ በጽሑፍ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። ካልሰጡዎት በማግስቱ በመደበኛ ሰዓትዎ ይምጡ። ጥበቃው ካስቆመዎት በሩ ላይ ሆነው ለሰው ኃይል «ዛሬ በ2፡00 ሰዓት ለሥራ ቀርቤ እንዳልገባ ተከልክያለሁ፤ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» የሚል ኢሜይል ወይም የጽሑፍ መልእክት ይላኩ፣ ምስክርም ይያዙ። ይህን ካላደረጉ «ራሱ ጥሎ ጠፋ» የሚባለው ነገር ይመጣል።

ወደ ሌላ ቦታ ወይም ወደ ዝቅተኛ ሥራ ቢመድቡዎት፦ ምደባውን በመቃወም ከሥራ አይቅሩ። ተቃውሞዎን በጽሑፍ አስገብተው በተቻለ መጠን ይሥሩ፤ የሚቆጠር ቀን እየሄደ ነው።

ወረቀት አስፈርመው ሊያሰናብቱዎት ቢፈልጉ፦ ቀን ያልተጻፈበት፣ ባዶ መስመር ያለበት ወይም «ከድርጅቱ ምንም የምጠይቀው የለኝም» የሚል ወረቀት ክፍያው እጅዎ ሳይገባ አይፈርሙ። ግድ ከሆነብዎ ከፊርማዎ አጠገብ «ክፍያ አልተቀበልኩም» ብለው በእጅዎ ጽሑፍ ያክሉና ቀኑን ያስቀምጡ።

ደረጃ 7፦ ርክክቡን ሳይለመኑ ይጀምሩ

አሠሪው ተረካቢ ባለመመደብ ሊያዘገይዎ ከሞከረ፣ የመጨረሻው ክፍያ መዘግየትም በዚያው ይሳበባል። አዋጁ በራሱ ጥፋት የአሠሪውን ንብረት ወይም ገንዘብ መመለስ ያዘገየ ሠራተኛ የክፍያው ጊዜ ሊራዘምበት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ስለዚህ መዘግየቱ የእርስዎ ጥፋት አለመሆኑን ማሳየት ይጠበቅብዎታል።

በአሥረኛው ቀን አካባቢ «ተረካቢ እንዲመደብልኝ» የሚል አጭር ደብዳቤ አስገብተው ያስፈርሙ። በሃያኛው ቀን ይድገሙት። የንብረቱን ዝርዝር ከመለያ ቁጥሩና ካለበት ሁኔታ ጋር በሦስት ቅጂ ያዘጋጁ። የተጀመሩ ሥራዎች የት እንደደረሱ፣ ፋይሎቹ የት እንዳሉ በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ የይለፍ ቃል ግን በወረቀት ሳይሆን በድርጅቱ አሠራር መሠረት ያስረክቡ።

የንብረት ክፍል ወይም የገንዘብ ቤት ሠራተኛ ከሆኑ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልግዎታል። ቆጠራ እንዲደረግ ማስጠንቀቂያውን በሰጡበት በመጀመሪያው ሳምንት በጽሑፍ ይጠይቁ። ቆጠራው እርስዎ ባሉበት፣ ኮሚቴው በተገኘበት ይካሄድ፤ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቆጣሪዎቹም እርስዎም ይፈርሙ፣ ቅጂ ይውሰዱ። መጋዘኑ ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ የነበረ ከሆነ ይህን በቃለ ጉባኤው ላይ ያስጽፉ። ቆጠራ ሳይደረግ ቁልፉን ከሰጡ፣ ከሁለት ወር በኋላ የሚወጣው ጉድለት በማን ጊዜ እንደተፈጠረ ለማስረዳት ይከብዳል። የገንዘብ ጉድለትም እንዲሁ ነው፦ በካዝናው ያለው በብር ኖት ዓይነት ተቆጥሮ፣ ተጽፎ፣ ተፈርሞበት ይሁን።

እስከ መጨረሻው ቀን ተረካቢ ካልመጣ፣ ንብረቱን በምስክሮች ፊት ለሰው ኃይል ቢሮ ወይም ለጥበቃ ክፍል በዝርዝር አስረክበው ያስፈርሙ፤ አንፈርምም ካሉ ምስክሮቹ ይፈርሙ። ላፕቶፑን «እስኪከፍሉኝ» ብለው ቤት አይውሰዱት። መያዣ ያገኙ ይመስልዎታል፤ አሠሪው ግን ክፍያ የሚያዘገይበት ሕጋዊ ምክንያት ነው ያገኘው።

ደረጃ 8፦ ክሊራንስ፣ የሥራ ልምድና የመጨረሻ ክፍያ

እነዚህን ሦስቱን አሠሪዎች ሆን ብለው አንድ ላይ ያቆራኟቸዋል፤ በሕጉ ግን የተለያዩ ናቸው።

የሥራ ልምድ፦ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በማንኛውም ጊዜ ሲጠይቅ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ በአንቀጽ 12 ተጥሎበታል። ክሊራንስ (ንብረትም ዕዳም እንደሌለብዎ እያንዳንዱ ክፍል የሚፈርምበት ቅጽ) አልጨረሱም የሚለው ምክንያት ይህን ግዴታ አያስቀረውም። ብልሃቱ ግን ቀደም ብሎ ነው፦ «ሠራተኛው ሲጠይቅ» ስለሚል፣ ገና መልቀቅ ሳያስቡ የሥራ ልምድ ጠይቀው መያዝ ይችላሉ።

ክሊራንስ፦ የውስጥ አሠራር ነው። ቅጹን ራስዎ ይዘው ከክፍል ክፍል ይዙሩ፤ «እናንተ ጨርሱልኝ» ብለው የተዉት ቅጽ አንድ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የማይፈርም ኃላፊ ካለ ምክንያቱን በቅጹ ላይ እንዲጽፍ ይጠይቁ። ብዙዎች ምክንያት ከመጻፍ መፈረሙን ይመርጣሉ።

የመጨረሻ ክፍያ፦ ደመወዝና ሌሎች ክፍያዎች ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለባቸው። በመጠኑ ላይ ክርክር ቢኖር እንኳ ያላከራከረው ገንዘብ በዚሁ ጊዜ ይከፈላል። አሠሪው ካዘገየ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ከሌለው በስተቀር ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊወስንበት ይችላል፤ ይህን አንቀጽ 38ን በደብዳቤዎ መጥቀስ ብዙ ጊዜ ከክርክሩ በፊት ነገሩን ያፋጥነዋል።

ሒሳቡን ሲቀበሉ የሠሩባቸውን ቀናት ደመወዝ፣ ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት እና ያልተጠቀሙበትን የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ያመሳክሩ። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ሲሆን በየሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይጨመርበታል። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ካገለገሉ የስንብት ክፍያ ይመለከትዎት እንደሆነ አንቀጽ 39ን ይዘው ይጠይቁ፤ ቁልፍ ነጥቦቹ የጡረታ ሁኔታዎ እና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ ቀሪ ግዴታ መኖር አለመኖሩ ናቸው።

ሰው ዋስ ጠርተው ከነበረ የዋስትናው ወረቀት እንዲመለስ ወይም ዋሱ ነጻ መሆኑ በደብዳቤ እንዲገለጽ ይጠይቁ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ደግሞ ከዓመታት በኋላ በዋሱ ላይ ነው።

ደረጃ 9፦ ሁሉም ካልሆነ ወዴት ይሄዳሉ

1. በመጀመሪያ ለዋና ሥራ አስኪያጁ የተጻፈ፣ የጎደለውን በዝርዝር የሚጠቅስና የአምስት የሥራ ቀን ገደብ የሚሰጥ ደብዳቤ አስገብተው ያስፈርሙ።
2. የሠራተኛ ማኅበር ካለ ያሳውቁ።
3. በአካባቢዎ ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደው አቤቱታ ያቅርቡ። የተፈረመበትን ማስጠንቀቂያ፣ ውሉን፣ የርክክብ ወረቀቱንና ያደረጓቸውን የደብዳቤ ልውውጦች በቀን ቅደም ተከተል አያይዘው ይዘው ይሂዱ። አሠሪው ሲጠራ በዚሁ የሚያልቅ ጉዳይ ብዙ ነው።
4. ካልሆነ ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክስ ያቅርቡ። ሠራተኛው ለዚህ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። በክስዎ የምስክር ወረቀቱ እንዲሰጥ፣ ያልተከፈለው እንዲከፈልና የመዘግየት ክፍያ እንዲወሰን ለይተው ይጠይቁ፤ ያልጠየቁት አይፈረድልዎትም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከውሉ መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄም መከፈል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ስድስት ወር ነው። «በሚቀጥለው ሳምንት ና» እየተባሉ የሚመላለሱባቸው ወራት ከዚሁ ላይ ይቆጠራሉ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ላይ ካልተፈታ ክሱን ያዘጋጁ።

30 ቀን መጠበቅ የማይቻልበት ሁኔታ

አሠሪው ሰብአዊ ክብርን የሚነካ ወይም በወንጀል የሚያስቀጣ ድርጊት ከፈጸመብዎ፣ በአሠሪው ወይም በሥራ መሪ ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከደረሰብዎ፣ ለደኅንነት ወይም ለጤና የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን እያወቀ እርምጃ ካልወሰደ፣ ወይም መሠረታዊ ግዴታዎቹን በተደጋጋሚ ካልፈጸመ አንቀጽ 32 ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅን ይፈቅዳል። ይህን መንገድ ከመረጡ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን በጽሑፍ ያሳውቁ፤ እዚህ ላይ «በግል ምክንያት» ማለት መብቱን ያሳጣዎታል፣ የሆነውን በቀንና በሰዓት ይዘርዝሩት። መብቱ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ቀን ጀምሮ 15 የሥራ ቀናት ካለፉ ይቀራል።

እነዚህ ምክንያቶች ሳይኖሩ 30 ቀኑን አቋርጠው ከሄዱ፣ ካሳው ከ30 ቀን ደመወዝዎ ሳይበልጥ ከቀሪ ክፍያዎ ላይ ይታሰባል። አዲሱ አሠሪ አልጠብቅም ካለና ይህን ዋጋ ለመክፈል ከወሰኑም፣ ጠፍተው አይሂዱ፤ የሚለቁበትን ቀን ጽፈው አስገብተው፣ ንብረቱን አስረክበው፣ ተቀናሹ እንዴት እንደተሰላ በወረቀት እንዲሰጥዎ ጠይቀው ይውጡ።